አንድም አንቀጽ ሳይነካ፦ ህንድ በሕገ መንግሥቷ ላይ የገጠመችው ክርክር

በ2024 የህንድ ምርጫ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብዙ ያነጋገረው ውጤት የመጣው ፋይዛባድ ከምትባል የምርጫ ክልል ነው። የአዮድያ ከተማ ያለችው እዚያ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በ1992 በፈረሰው የባብሪ መስጊድ ቦታ ላይ የተሠራውን የራማ ቤተ መቅደስ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ያስመረቁት በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 22 ቀን ነበር። ገዥው ፓርቲ ባራቲያ ጃናታ፣ በአጭር ስሙ ቢጄፒ፣ ሌላ ቦታ ቢሸነፍ እንኳ እዚህ ይሸነፋል ብሎ የጠበቀ ጥቂት ነው። ጁን 4 ቀን ድምፅ ተቆጥሮ ሲያበቃ መቀመጫዋን የወሰዱት የሳማጅዋዲ ፓርቲው አዋዴሽ ፕራሳድ ሆኑ። ፕራሳድ ዳሊት ናቸው፤ ለዘመናት «የማይነኩ» እየተባለ ከሰው በታች ሲቆጠር ከኖረው ወገን የተወለዱ። ያሸነፉትም ለዳሊቶች በኮታ በተያዘ ወንበር ሳይሆን ማንም በሚወዳደርበት ነው።

ቢጄፒ በመላ አገሪቱ ከ303 መቀመጫ ወደ 240 ወረደ። ብቻውን መንግሥት ለመመሥረት 272 ያስፈልገው ነበር። ፋይዛባድ ባለችበት በኡታር ፕራዴሽ ግዛት ብቻ ከ62 ወደ 33 አሽቆለቆለ። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ ሥራ አጥነቱም፣ የኑሮ ውድነቱም፣ የተቃዋሚዎች ብልህ የዕጩ አመራረጥም ድርሻ አላቸው። ከእነዚህ ጋር ግን አንድ ያልተለመደ የምርጫ ጉዳይ ነበር፦ ሕገ መንግሥቱ። ቢጄፒና አጋሮቹ «ከ400 በላይ» የሚል መፈክር ይዘው ወጡ። የካርናታካው የቢጄፒ የምክር ቤት አባል አናንትኩማር ሄግዴ ደግሞ ያ ሁሉ መቀመጫ የሚያስፈልገው ሕገ መንግሥቱን ለመለወጥ መሆኑን በአደባባይ ተናገሩ። ፓርቲው ንግግሩ የግላቸው ነው ብሎ ራቀ፤ በዚያ ምርጫም ዕጩ አላደረጋቸውም። ሞዲ ራሳቸው የሕገ መንግሥቱ አባት አምቤድካር ከሞት ተነሥተው ቢመጡ እንኳ ይህን ሕገ መንግሥት መሻር አይችሉም እያሉ ማሉ። ወሬው ግን ቀድሞ መንደር ገብቶ ነበር። የተቃዋሚው መሪ ራሁል ጋንዲ በየመድረኩ ቀይ ሽፋን ያላት የኪስ ሕገ መንግሥት ከፍ አድርገው ያሳዩ ነበር፤ ዳሊቱ መራጭም ጉዳዩን የተረዳው በራሱ ኑሮ ነው፦ ይህ መጽሐፍ ከተነካ የልጄ የትምህርትና የሥራ ኮታ ይነካል።

ከምርጫው በኋላ ሞዲ በአሮጌው የፓርላማ ሕንጻ ሕገ መንግሥቱን ከፍ አድርገው በግንባራቸው ነክተው ሲሳለሙ ታዩ። ዛሬ በህንድ ይህን ሰነድ በግልጽ የሚቃወም ትልቅ ፓርቲ የለም። ሁሉም ይሳለመዋል። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። የሰነዱ ዋና አርቃቂ ዶክተር ቢምራኦ አምቤድካር ኖቬምበር 4 ቀን 1948 ረቂቁን ለአርቃቂው ጉባኤ ሲያቀርቡ ሕገ መንግሥትን ቅርጹን ሳይለውጡ፣ የአስተዳደሩን መልክ ብቻ በመለወጥ፣ ከመንፈሱ ጋር እንዲጣላ ማድረግ እንደሚቻል አስጠንቅቀው ነበር። የዛሬው ክርክር አብዛኛው «ጽሑፉ ይነካል ወይስ አይነካም» በሚል ላይ ነው። አምቤድካር የፈሩት ግን ሌላ ነገር ነበር።

የሦስት ብሔርተኝነቶች አገር

የህንድ ብሔርተኝነት ሲጀምር ስለ ደምም ስለ እምነትም አልነበረም። ስለ ገንዘብ ነበር። በ1892 የብሪታንያ ፓርላማ አባል ሆነው የተመረጡት ዳዳባይ ናኦሮጂ ዕድሜያቸውን የፈጁት በአንድ ስሌት ላይ ነው፦ ከህንድ ገበሬ ከሚሰበሰበው ግብር በደመወዝ፣ በጡረታና በሌላም መንገድ ወደ እንግሊዝ የሚፈሰው ስንት ነው? በዚህ ስሌት ውስጥ ህንዳዊ ማለት የሚዘረፈው ሁሉ ነው። ሂንዱም ሙስሊምም፣ እንደ ናኦሮጂ ያለው ፓርሲም (የጥንቱ የፋርስ እምነት ተከታይ) በአንድነት ይቆጠራል። ኮንግረስ ፓርቲ ከዚህ ሰፊ ሐሳብ ተነሥቶ በጋንዲና በኔህሩ ዘመን የብዙኃን ንቅናቄ ሆነ። ጋንዲ ጸሎተኛ፣ ኔህሩ ደግሞ ከሃይማኖት የራቁ ሰው ቢሆኑም አገሪቱ የሁሉም ናት በሚለው አንድ ነበሩ።

ሁለተኛው ሐሳብ መልክ የያዘው በ1923 ነው። ቪናያክ ዳሞዳር ሳቫርካር ባሳተሙት ጽሑፍ ሂንዱን የበየኑት ህንድን የአባቱ አገርና ቅድስት ምድሩ አድርጎ የሚይዝ ሰው ብለው ነው። በዚህ ብያኔ ሲክ፣ ቡድሂስትና ጃይን ይገባሉ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ግን አያት ቅድመ አያቱ እዚያው ቢቀበርም ቅዱሱ ሥፍራ ውጭ አገር ነውና ልቡ ለሁለት ተከፍሏል ተብሎ ይጠረጠራል። ሳቫርካር እምብዛም የአምልኮ ሰው አልነበሩም፤ የሚጠይቁት ስለ ታማኝነት እንጂ ስለ ጽድቅ አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላ በናግፑር የተመሠረተው አርኤስኤስ የተባለው ድርጅት ይህን መንፈስ ወደ ሥነ ሥርዓት፣ ወደ ማለዳ ልምምድና ወደ መንደር አደረጃጀት ለወጠው። ድርጅቱ በ2025 መቶኛ ዓመቱን አክብሯል። ሞዲም የፖለቲካ ሕይወታቸውን የጀመሩት በዚያ ነው።

ሦስተኛው የአምቤድካር ነው። ብዙ ጊዜ ከኔህሩ ጋር አንድ ላይ ቢነሣም ለየብቻው መታየት አለበት። አምቤድካር ከሁለቱም ወገን የሚለዩት ብሔሩ አለ ብለው ስለማይነሡ ነው። በብዙ ሺህ ካስት፣ ማለትም በትውልድ በሚወረስ የማኅበረሰብ እርከን፣ የተከፋፈለ ሕዝብ እንዴት ብሔር ይሆናል? ብለው በጉባኤው ፊት ጠይቀዋል። ብሔር አለን ብሎ ማመን ራስን ማታለል ነው፤ አለመኖሩን ቶሎ ባወቅን መጠን ለመሥራት እንነሣለን ባይ ነበሩ። ስለዚህ ለኔህሩ ሕገ መንግሥት የነበረች አገር ነጻ መውጣቷን የምታውጅበት ሰነድ ሲሆን፣ ለአምቤድካር ግን ገና ያልተፈጠረውን ሕዝብ መፍጠሪያ መሣሪያ ነው።

ይህን አቋም ያስያዛቸው ዳሊት ሆነው የኖሩት ኑሮ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የቦምቤ የሕግ ምክር ቤት በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደሩ የውኃ ሥፍራዎች ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ ወስኖ ነበር። የማሃድ ከተማ ማዘጋጃ ቤትም የከተማዋን ኩሬ ለዳሊቶች መፈቀዱን አስታወቀ። የጠጣ ግን አልነበረም፤ ማን ደፍሮ? ማርች 20 ቀን 1927 አምቤድካር ብዙ ሺህ ሰው አስከትለው ወደ ኩሬው ወርደው በእጃቸው ቀድተው ጠጡ። ከዚያ በኋላ ሰልፈኞቹ ተደበደቡ፣ ኩሬውም ረክሷል ተብሎ በላም እበትና ሽንት «ተቀደሰ»። የፍርድ ቤቱ ሙግት እስከ 1937 ቆየ። ሕግ ተጽፎ፣ ታውጆ፣ ሰው ግን ውኃ ለመጠጣት የሚደበደብበት አገር ምን ማለት እንደሆነ እኚህ ሰው ከማንም በፊት ያውቁ ነበር። ዴሞክራሲ በህንድ ምድር ላይ ከላይ የተነሰነሰ አፈር ነው፣ ሥሩ ያለው መሬት ግን ዴሞክራሲን አያውቅም ማለታቸውም ከዚህ የመነጨ ነው።

ከጋንዲ ጋርም በዚሁ ተጣልተዋል። በ1932 እንግሊዞች ዳሊቶች ተወካዮቻቸውን ለብቻቸው እንዲመርጡ ሲፈቅዱ ጋንዲ ሂንዱን ይከፍላል ብለው በእስር ቤት እስከ ሞት ጾም ገቡ። አምቤድካር የመላ አገሪቱ ቁጣ ስለወረደባቸው በፑና ስምምነት ለቀቁ፤ በልዋጩ የተያዙ ወንበሮች ቁጥር ጨመረ። ዛሬም ድረስ ብዙ ዳሊቶች ያን ስምምነት በመረረ ስሜት ያነሱታል፤ በተያዘው ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ሰው የሚመርጠው ሌላው ብዙኃን ስለሆነ። ፋይዛባድን ልዩ የሚያደርጋትም ይህ ነው፤ እዚያ ዳሊቱ ያሸነፉት ያለ ተያዘ ወንበር ነው።

ጽሑፉና የጽሑፉ ጠባቂዎች

አርቃቂው ጉባኤ ከዲሴምበር 1946 እስከ ኖቬምበር 1949 ሠራ። በመሐሉ አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች፣ ሚሊዮኖች ተሰደዱ፣ ጋንዲ ናቱራም ጎድሴ በተባለ ሂንዱ አክራሪ ጥይት ወደቁ። በዚያ እሳት መካከል 395 አንቀጾች ያሉት ሰነድ ወጣ። አንቀጽ 17 «ያለመነካትን» ሥርዓት ሻረ። ድምፅ የመስጠት መብት ለማንኛውም አዋቂ ወንድና ሴት ተሰጠ፤ በ1951 ቆጠራ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከአምስት ሰው አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ድህነት ውስጥ ሆኖ ይህን ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ መራጭ ያደረገ አገር አልነበረም። ለእኔ ከሰነዱ ሁሉ ደፋሩ ውሳኔ ይህ ነው።

ሁሉም አልተደሰተም። የአርኤስኤስ ጋዜጣ «ኦርጋናይዘር» ኖቬምበር 30 ቀን 1949 ባወጣው ርእሰ አንቀጽ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የጥንቷ ህንድ ነገር የለበትም፣ የማኑ ሕግም ተረስቷል ሲል አማረረ። የማኑ ሕግ ማለት አምቤድካር በ1927 በአደባባይ ያቃጠሉት፣ የካስትን ሥርዓት የሚደነግገው ጥንታዊ መጽሐፍ ነው። ዛሬ አርኤስኤስ አምቤድካርን ያከብራል፤ ፎቶአቸው በየስብሰባው ይሰቀላል። ይህ ለውጥ ከልብ ነው ወይስ ለድምፅ? መልሱ ከሰው ሰው ይለያይ ይሆናል። ውጤቱ ግን ክርክሩ ከሐሳብ ወደ ባለቤትነት መዞሩ ነው፤ አምቤድካር የማን ናቸው የሚል ሙግት። በዲሴምበር 2024 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ አሚት ሻህ በፓርላማ «አምቤድካር፣ አምቤድካር» ማለት ፋሽን ሆኗል ብለው ሲናገሩ የተነሣው ቁጣ የዚህ ማሳያ ነው።

በሕገ መንግሥቱ መግቢያ ላይ ባሉ ሁለት ቃላት የሚደረገው ጠብም እንዲሁ ነው። «ሶሻሊስት» እና «ሴኩላር» የሚሉት ቃላት መጀመሪያ አልነበሩም። የገቡት በ1976፣ ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጥተው ተቃዋሚዎቻቸውን ባሰሩበት ወቅት፣ በ42ኛው ማሻሻያ ነው። በጁን 2025 የአዋጁ 50ኛ ዓመት ሲታሰብ የአርኤስኤስ ዋና ጸሐፊ ዳታትሬያ ሆሳባሌ ቃላቱ ይቆዩ ወይስ ይውጡ የሚለው ይታሰብበት አሉ። ተቃዋሚዎች ሕገ መንግሥቱ ሊፈርስ ነው ብለው ጮኹ። እውነቱን ለመናገር የአርኤስኤስ ክርክር ታሪካዊ መሠረት አለው። አምቤድካር ራሳቸው በ1948 እነዚህን ቃላት ለማስገባት የቀረበውን ሐሳብ አልተቀበሉም፤ ኅብረተሰቡ ኢኮኖሚውን እንዴት ያደራጅ የሚለውን መጪው ትውልድ ይወስን ብለው ነው። ይሁንና ቃሉ ባይኖርም መንግሥት በሃይማኖት እንዳያዳላ የሚከለክሉት አንቀጽ 14፣ 15 እና 25 ከመጀመሪያው ነበሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1994 የመንግሥት ከሃይማኖት ገለልተኛነት የሕገ መንግሥቱ መሠረታዊ መዋቅር አካል መሆኑን አረጋግጧል፤ በኖቬምበር 2024 ደግሞ ቃላቱ ይሰረዙልን ያሉትን አመልካቾች አሰናብቷል። ምሰሶው እነዚያ ሁለት ቃላት አይደሉም። ተቃዋሚዎች ጉልበታቸውን እዚያ ማፍሰሳቸው ያስቆጨኛል።

«መሠረታዊ መዋቅር» የሚለው ሐሳብ ራሱ ህንድ ለዓለም ያበረከተችው ነው። በ1973 በኬሳቫናንዳ ባራቲ ጉዳይ 13 ዳኞች ተቀምጠው በ7 ለ6 ድምፅ ፓርላማው ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ይችላል፣ ማንነቱን ግን ማጥፋት አይችልም ብለው ወሰኑ። በአንድ ዳኛ ብልጫ። ይህ ውሳኔ ከብዙ አድኗል፤ ሆኖም ዳኞች ሁልጊዜ ያድናሉ ማለት አይደለም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በአዋጁ ዘመን፣ ያው ፍርድ ቤት የታሰረ ሰው ለምን እንደታሰረ ፍርድ ቤት ቀርቦ መጠየቅ አይችልም ሲል በ4 ለ1 ፈረደ። ብቻቸውን የተቃወሙት ሐንስ ራጅ ካና የሚገባቸውን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንትነት አጡ። የሕይወትና የነጻነት መብትን የሚደነግገው አንቀጽ 21 ያን ጊዜም በጽሑፉ ውስጥ ነበር፤ አንድ ፊደል አልጎደለበትም። መንግሥት የተጠቀመው ሕገ መንግሥቱ ራሱ የፈቀደለትን የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ነው። ይህን ያደረገው ደግሞ ዛሬ ቀይዋን መጽሐፍ ከፍ የሚያደርገው ኮንግረስ ነበር። ያስቆመውም መራጩ ነው፤ በ1977 ኢንዲራን ከገዛ ወንበራቸው ጭምር አነሣቸው።

አምቤድካር የፈሩት

ያለፉትን ጥቂት ዓመታት በዚህ ዓይን ስናያቸው መልካቸው ይለወጣል። በኦገስት 2019 የጃሙና ካሽሚር ልዩ አቋም ሲሻር መንግሥት የግዛቲቱን ስምምነት ማግኘት ነበረበት። የግዛቲቱ ምክር ቤት ግን ፈርሶ፣ አካባቢው በቀጥታ ከዴልሂ እየተዳደረ ነበር። ስለዚህ ማዕከላዊው መንግሥት ራሱ ጠያቂ፣ ራሱ ፈቃጅ ሆነ። ግዛቲቱም ለሁለት ተከፍላ ከግዛትነት ማዕረግ ወረደች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የወሰነው ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ መሻሩን አጸደቀ። በዚያው 2019 የወጣው የዜግነት ሕግ ከአፍጋኒስታን፣ ከባንግላዴሽና ከፓኪስታን ለመጡ ሂንዱዎች፣ ሲኮች፣ ቡድሂስቶች፣ ጃይኖች፣ ፓርሲዎችና ክርስቲያኖች የዜግነት መንገድ ሲያቀና ሙስሊሙን ተወ። የሳቫርካር ብያኔ በቀጥታ አልገባም፣ ክርስቲያንም ተካቷልና፤ ሃይማኖት ግን የዜግነት መለኪያ ሆኖ ገባ። ለዚህ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አላስፈለገም፤ ተራ ሕግ በቃው። የተቃውሞ አቤቱታዎቹ ውሳኔ ሳያገኙ ሕጉ በማርች 2024 ሥራ ላይ ዋለ። ለጋሾች ማንነታቸው ሳይገለጥ ለፓርቲ ገንዘብ የሚሰጡበትን የምርጫ ቦንድም ፍርድ ቤቱ ሕገ ወጥ ብሎ የጣለው በ2024 ነው። አሠራሩ ከተጀመረ ስድስት ዓመት አልፎት፣ አገራዊ ምርጫ ተደርጎበት፣ ቢጄፒም ትልቁን ድርሻ ወስዶ።

እዚህ ላይ አምቤድካር ራሳቸው ያስቸግራሉ። በኖቬምበር 25 ቀን 1949 ንግግራቸው ሕገ መንግሥታዊው መንገድ ክፍት እስከሆነ ድረስ የአመፅም ሆነ የሕዝባዊ እምቢተኝነት መንገድ መተው አለበት ብለዋል። በዲሴምበር 2019 ግን በዴልሂ ሻሂን ባግ ሰፈር ሙስሊም ሴቶች፣ አሮጊቶች ሳይቀሩ፣ የዜግነት ሕጉን ተቃውመው መንገድ ላይ ተቀምጠው የሕገ መንግሥቱን መግቢያ በአንድ ድምፅ እያነበቡ ወራት ቆዩ። ከአርቃቂው ቃል ጋር ይጋጫሉ? በላይ በላዩ ሲታይ አዎ። ግን ፍርድ ቤት ሄዶ ዓመታት ሙሉ መልስ ያላገኘ ሰው መንገዱ ክፍት ነው ሊባል ይችላል? አምቤድካር ያን ቃል የተናገሩት ፍርድ ቤት በጊዜው ይፈርዳል በሚል እምነት ነው። የዘገየ ፍርድ መንገዱን ሳይዘጋ የዘጋዋል። ስለዚህ ሴቶቹ የሰነዱን መንፈስ ከጠባቂዎቹ በተሻለ ይዘውታል እላለሁ።

አምቤድካር በዚያው የ1949 ንግግራቸው፣ ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ በሚውልበት ጃንዋሪ 26 ቀን 1950 የቅራኔ ሕይወት እንጀምራለን፤ በፖለቲካ እኩል፣ በኑሮ ግን እኩል ያልሆንን ብለው ነበር። ቅራኔው አልተፈታም። በእጅ ዐይነ ምድር የማጽዳት ሥራ በ1993 እና እንደገና በ2013 በሕግ ታግዷል፤ ሆኖም ዛሬም የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ታፍነው የሚሞቱ ሠራተኞች አሉ፣ አብዛኞቹም ዳሊቶች ናቸው። በኦክቶበር 2025 አንድ ጠበቃ በችሎት መካከል ጫማ ለመወርወር የሞከረው በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ብሁሻን ጋቫይ ላይ ነበር። ጋቫይ በዚያ ወንበር የተቀመጡ ሁለተኛው ዳሊት ናቸው፤ ሲያደርግ የተያዘው ጠበቃም ሃይማኖቴን ደፍረዋል ባይ ነበር። በአገሪቱ ከፍተኛው የዳኝነት መንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ይህ ከደረሰ፣ በገጠር ላለው ምን ይደርሳል ብሎ መጠየቅ ማጋነን አይደለም። አምቤድካር ከነጻነትና ከእኩልነት እኩል ወንድማማችነትን መግቢያው ላይ ያሰፈሩት ለዚህ ነው። ፓርላማ ወንድማማችነትን በአዋጅ ማምጣት አይችልም፤ መንግሥት ግን ሊያፈርሰው ይችላል፣ ያውም በጥቂት ንግግር።

ከፊታችን ያለው ትልቁ ፈተና ግን ከሃይማኖት ጋር ብዙም አይገናኝም፤ ከሕዝብ ቁጥር ጋር ነው። በታችኛው ምክር ቤት ለየግዛቱ የተደለደለው የመቀመጫ ቁጥር በ1971 ቆጠራ ላይ ቆሟል። ሕገ መንግሥቱ የሚለው ከ2026 በኋላ የሚደረገው የመጀመሪያው ቆጠራ እስኪወጣ ድረስ እንዳይነካ ነው። መንግሥት ማርች 1 ቀን 2027ን የቆጠራው መነሻ ቀን አድርጎ አስታውቋል፤ ካስትም ይቆጠራል። እንደ ታሚል ናዱና ኬራላ ያሉት የደቡብ ግዛቶች ሴቶችን አስተምረው፣ ጤና ጣቢያ ሠርተው ወሊድን ቀነሱ፤ የኡታር ፕራዴሽና የቢሃር ሕዝብ ግን እጅግ በዛ። ድልድሉ በሕዝብ ቁጥር ብቻ ከተሠራ የመንግሥት ፖሊሲን በሚገባ የፈጸመው ደቡብ በፓርላማ ያለው ክብደት ይቀንሳል፣ ሂንዲ ተናጋሪው ሰሜን ደግሞ ብቻውን አገር ወደሚገዛበት ይጠጋል። እንዳለ ከተተወ ደግሞ የቢሃሩ ገበሬ ድምፅ ከኬራላው ያነሰ ሆኖ ይቀራል፤ ያ ደግሞ አንድ ሰው አንድ ድምፅ፣ አንድ ድምፅ አንድ ዋጋ ያሉትን አምቤድካርን ይቃወማል። የታሚል ናዱ ዋና ሚኒስትር ኤም ኬ ስታሊን በማርች 2025 የደቡብና የሌሎች ግዛቶች መሪዎችን ቼናይ ላይ የሰበሰቡት በዚህ ስጋት ነው።

በዚህ ጉዳይ ሁለቱም ወገን ሕገ መንግሥቱን ጠቅሶ ይሟገታል፤ ሁለቱም ትክክል ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሚመዝነው የተጣሰ አንቀጽ የለም። የሚቀረው ድርድር ነው፦ የላይኛው ምክር ቤት ለግዛቶች የበለጠ ክብደት እንዲሰጥ ማድረግ፣ የታችኛውን መቀመጫ ማብዛት፣ ገንዘብና ሥልጣን ወደ ግዛቶች ማውረድ። በ1950ዎቹ ኔህሩ ግዛቶችን በቋንቋ ማዋቀርን ሲያመነቱ ፖቲ ስሪራሙሉ ለቴሉጉ ተናጋሪዎች ግዛት ጾመው በዲሴምበር 1952 ከሞቱ በኋላ ነበር መንግሥት የተንቀሳቀሰው፤ በ1956 የአገሪቱ ካርታ በአብዛኛው በቋንቋ ተሣለ። ያኔ ብዙዎች አገር ይበተናል ብለው ፈርተው ነበር፤ አልተበተነም። የአሁኑ ድርድር ሰው እስኪሞት ሳይጠብቅ ቆጠራው ከመታተሙ በፊት ቢጀመር፣ ዴልሂም ደቡብን እንደ ጠያቂ ሳይሆን እንደ እኩል ባለቤት ብታስቀምጠው፣ መፍትሔው አስቸጋሪ እንጂ የማይገኝ አይደለም።